ባለ እጁና መሐንዲሱ፦ ኪነ ጥበብ ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር ስላለው ትስስር



ከጥቂት ጊዜ በፊት በምሰግድበት የአዲስ አበባ መስጂድ የውዱእ ቦታው ሲታደስ አንድ ነገር ተመለከትኩ። ለግድግዳው የተገዛው ሴራሚክ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መሐል ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ አለበት። ሠራተኛው በእድሜ ጠና ያሉ፣ እጃቸው የተባረከ ባለሙያ ናቸው። ከግራ ጥግ ጀምረው አንድ በአንድ እየለጠፉ ሲሄዱ ሥራቸው ዓይን ይስብ ነበር። ዳሩ ግን ቀኝ ጥግ ሲደርሱ የቀረው ቦታ ለግማሽ ሴራሚክ ብቻ የሚበቃ ሆነና፣ በመጨረሻው ረድፍ ያለው ኮከብ ሁሉ ከወገቡ ተቆረጠ።

ሥራውን በበጎ ፈቃድ ይከታተል የነበረ አንድ ወጣት መሐንዲስ ይህን አይቶ፣ «ጋሼ፣ 435 ሳንቲ ሜትሩን አስቀድመው ለ30 ቢያካፍሉት ኖሮ 14 ተኩል እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። የመጀመሪያውን መሐል ላይ ለጥፈው ወደ ሁለቱም ጎን ቢሄዱ፣ በሁለቱ ጥጎች እኩል ይቆረጥና ዓይን አያየውም ነበር» አላቸው። ሰውየውም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ወረቀት ላይ ሁሉም ቀላል ነው። ይህ ግድግዳ ከላይና ከታች እኩል መስሎሃል? በሁለት ጣት ይለያያል። ና እስቲ ይህን አካፍለው» ሲሉ መለሱለት። ሲለካም እንዳሉት ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሆኖም አንዱ ከሌላው ሳይማር ተለያዩ፤ ኮከቦቹም እንደተቆረጡ ቀሩ። ውዱእ ባደረግኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ጥግ ላይ ያርፋል። «እነዚህ ሁለት ሰዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል አብረው ቢቀመጡ ኖሮስ?» እያልኩም እጠይቃለሁ። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

በአንድ ቃል ውስጥ ያለ ትምህርት

በዘመናችን ኪነ ጥበብና ሒሳብ እንደ እሳትና ውኃ ተራርቀው ይታያሉ። በየቤቱ «ይህ ልጅ ሒሳብ አይሆንለትም፤ ሥዕል ሲሞነጫጭር ይውላል» ሲባል እንሰማለን። ሒሳብ የሚችለው ደግሞ «ጊዜህን አታባክን» ተብሎ እርሳሱንና ቀለሙን ይቀማል። ቋንቋችን ግን ይህን ልዩነት አያውቀውም። «ጥበብ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ለዓሊሙ ጥበብ ማለት ማስተዋልና ዕውቀት፣ ለሰዓሊው ኪነት፣ ለሸማኔው ደግሞ በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚያወጣው ጌጥ ነው። ሸማኔው ያን ጥበብ የሚያወጣው ድሩን ቆጥሮ፣ ስንቱን አንስቶ በስንቱ ላይ ማጉን እንደሚያሳልፍ በልቡ አስልቶ ነው። አንድ ክር ቢሳሳት ጌጡ በሙሉ ይዛባል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሸማኔ እንኳ በየቀኑ ሒሳብ ሲሠራ ይውላል ማለት ነው።

«መሐንዲስ» የሚለውም ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። «ሀንደሳ» ማለት ጂኦሜትሪ ሲሆን፣ መሐንዲስ ማለት በጥንቱ ትርጉሙ የመስመርና የቅርጽ ሊቅ ማለት ነው። በአንጻሩ «ጠይብ» የሚለውን ቃል እናስብ። ይህ ቃል ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሆኖ ሳለ፣ በሀገራችን ለቀጥቃጩና ለሸክላ ሠሪዋ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ርስት የተነፈጉ ሙስሊሞች በንግድና በሽመና ይተዳደሩ ስለነበር፣ ይህ ንቀት ምን ማለት እንደሆነ አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። የሚያሳዝነው፣ ዛሬ እኛም ልጆቻችን እጃቸውን እንዳያቆሽሹ ስንከላከል መታየታችን ነው።

እጅን መናቅ ግን ከሃይማኖታችን ያገኘነው ትምህርት አይደለም። በሱረቱ ሰበእ ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት እንደተገራላቸውና የጥሩሩን ቀለበቶች በልክ እንዲመጥኑ እንደታዘዙ ተነግሯል። ልብ እንበል፤ የእጅ ሥራና ልኬት በአንድ ላይ ተጠቅሰዋል።

የባግዳዱ ስብሰባ

ከአንድ ሺህ ዓመታት በፊት ባግዳድ ውስጥ ልክ እንደ መስጂዳችን ሠራተኛና መሐንዲስ የተከራከሩ ሰዎች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የነገረን አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ ነው። በ940 በኹራሳን፣ ቡዝጃን በምትባል ከተማ ተወልዶ በ959 ወደ ባግዳድ የመጣ፣ በትሪጎኖሜትሪና በሥነ ፈለክ ስሙ የገነነ ሊቅ ነው። ጨረቃ ላይ ካሉት ጉድጓዶች አንዱ በስሙ ተሰይሟል። ይህ ሰው ከዋክብትን ሲያጠና ቆይቶ ለአናጢው፣ ለግንበኛውና ለንጣፍ ሠራተኛው የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጀ። የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ «ባለ እጅ ከጂኦሜትሪ የሚያስፈልገው» እንደማለት ነው።

አቡል ወፋ ባለ እጆችና መሐንዲሶች አንድ ላይ ተቀምጠው በሚወያዩባቸው ስብሰባዎች ላይ ይገኝ ነበር። ከዕለታት በአንዱ፣ «እኩል የሆኑ ሦስት ካሬዎችን አንድ ትልቅ ካሬ የምናደርገው እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። መሐንዲሶቹ የአዲሱን ካሬ ጎን የሚያህለውን መስመር ወዲያው ሠርተው አሳዩ። ባለ እጆቹ ግን አልረኩም። እነርሱ የሚፈልጉት መስመሩን ብቻ አይደለም፤ ሦስቱን ካሬዎች ቆራርጠው፣ አንዲት ቁራጭ ሳትተርፍ፣ አራተኛውን መግጠም ይሻሉ። ድንጋዩና እንጨቱ በእጃቸው ነዋ! እነርሱም በተራቸው የሚሠሩበትን ዘዴ አሳዩ። ከዘዴዎቹ መካከል ግን ለዓይን ትክክል መስሎ ሲመረመር ስሕተት ሆኖ የተገኘ ነበር።

አቡል ወፋ በዚህ ጊዜ የሁለቱንም ወገን ጉድለት በግልጽ ተናገረ። መሐንዲሱ ማስረጃውን ስለሚያውቅ ነገሩ በተግባር ለሚሠራው ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አይገባውም። ባለ እጁ ደግሞ ዓይኑ ከተቀበለው ማስረጃ አይጠይቅም። ይህን ብሎም አላበቃም፤ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበትን መፍትሔ አቀረበ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን መፍትሔ ቤታችሁ ውስጥ ከልጆቻችሁ ጋር መሞከር ትችላላችሁ። ሦስት እኩል የሆኑ ካሬ ወረቀቶች አዘጋጁ። አንዱን ሳትነኩ መሐል ላይ አስቀምጡት። ሁለቱን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ቁረጧቸው፤ አራት ሦስት ማዕዘኖች ታገኛላችሁ። የእያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን ረጅሙን ጎን በመሐለኛው ካሬ አንድ ጎን ላይ አስጠጉና አንዱን ጫፉን ከካሬው ጥግ ጋር አግጥሙት፤ ሌላው ጫፍ ከካሬው አልፎ ይወጣል። አራቱንም በአንድ አቅጣጫ እንደ መዘውር እያዞራችሁ አስቀምጡ። ከዚያም የአራቱን ሦስት ማዕዘኖች ሹል ያልሆኑትን፣ የቀድሞው ካሬ ጥግ የነበሩትን ማዕዘኖች በማስመሪያ አገናኙ። ከመስመሩ ውጭ የወጡት አራት ትናንሽ ቁራጮች ከመስመሩ ውስጥ ባሉት አራት ክፍተቶች ልክ ይገባሉ። ዘጠኝ ቁራጭ፣ አንድ ካሬ! የትንሹ ካሬ ጎን 1 ሜትር ቢሆን የትልቁ ጎን 1.732 ሜትር ገደማ ነው። «ገደማ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ይህ ቁጥር አሥርዮሹ ማለቂያ የለውም። በሜትር ልሠራው ያለ ባለ እጅ «1.7 ይበቃኛል» ብሎ ቢቆርጥ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ይጎድልበታል። በአቡል ወፋ ዘዴ የሚሠራ ግን ሜትርም ሆነ ማካፈል ሳያስፈልገው በትክክል ይገጥመዋል።

ይህ መጽሐፍ ሌላም ትሕትና አለበት። አቡል ወፋ ብዙዎቹን ቅርጾች በማስመሪያና አንድ ጊዜ ተከፍቶ በማይለዋወጥ ኮምፓስ ብቻ እንዴት እንደሚሠሩ ያሳያል። የኮምፓሱ አፍ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ልክ ይዛነፋልና የባለ እጁን ችግር አስቦለታል ማለት ነው። አንድ ታላቅ ሊቅ ከወንበሩ ወርዶ ስለ ግንበኛው ኮምፓስ መጨነቁ በእውነቱ ልብ ይነካል።

ከነጥብ የተነሳ ጽሕፈት

አቡል ወፋ በተወለደበት በዚያው በ940 ባግዳድ ውስጥ አንድ ሰው ሞተ። ኢብኑ ሙቅላ ይባላል። ለሦስት የዐባሲያ ኸሊፋዎች ሚኒስትር የነበረ፣ በፖለቲካ ሽኩቻ ቀኝ እጁ የተቆረጠና እስር ቤት ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነው። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ግን በሥልጣኑ ሳይሆን በጽሕፈቱ ነው። ከእርሱ በፊት የዐረብኛ ጽሕፈት ውበት በጸሐፊው እጅና ስሜት ላይ የተመሠረተ ነበር። ኢብኑ ሙቅላ ለውበቱ መለኪያ አበጀለት። የመቃው ብዕር ጫፍ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚተወውን ባለ አራት ጎን ነጥብ መለኪያ አደረገው። አሊፍ ይህን ያህል ነጥብ ትረዝማለች አለ፤ አሊፍን የሚያህል መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠው ክብ ሠርቶም የሌሎቹን ፊደላት ጎባጣነት በዚያ ክብ ላይ አሰፈረ።

እንግዲህ ቁርአን ስንከፍት የሚያረካን የመስመሩ ስምምነት ከሒሳብ ጋር የተጋባ ነው። መለኪያው የጸሐፊውን እጅ አላሰረውም፤ እንዲያውም ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ የሚማርበትን መንገድ ከፈተለት። «እንደ እኔ ጻፍ» የሚባለው ትምህርት «ይህን ያህል ነጥብ ለካ» ወደሚል ተለወጠ።

ነገሩ የጥንት ብቻ አይደለም። አሁን የምታነቡት የአማርኛ ፊደልም በኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው በሒሳብ ነው። የእያንዳንዱ ፊደል ጠርዝ ቤዚዬ በሚባሉ ኩርባዎች ይገለጻል። የስሙ ባለቤት ፒዬር ቤዚዬ በ1960ዎቹ በፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኩርባዎቹን ያስተዋወቀው የመኪናን ገላ ለመንደፍ ነበር። ለመኪና የተፈለገው ሒሳብ የ«ሐ»ን እግርና የ«መ»ን ክብ ለመሳል ዋለ። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ፣ የብራናው ጸሐፊ ጥበብና የኮምፒውተሩ ቀመር ተገናኙ።

ውበትን መለካት፣ ማሽንን ማስዋብ

«ሒሳቡ ለጌጥ ምን ይሠራለታል?» ብሎ ለሚጠይቅ የጀምሺድ አል-ካሺ መጽሐፍ መልስ አለው። አል-ካሺ በሰመርቀንድ የከዋክብት መመልከቻ የሠራ፣ በ1424 ፓይ የሚባለውን ቁጥር እስከ 16 አሥርዮሽ ድረስ ያሰላ ሊቅ ነው። በ1427 በጨረሰው «ሚፍታሑል ሒሳብ» ውስጥ ስለ ቅስት፣ ስለ ጉልላትና ስለ ሙቀርነስ አለካክ አስተምሯል። ሙቀርነስ የሚባለው በታላላቅ መስጂዶች በር ላይና ከጉልላት ሥር የማር እንጀራ መስሎ፣ ደረጃ በደረጃ ተንጠልጥሎ የሚታየው ጌጥ ነው። ላየው ሰው ከሰማይ የወረደ ይመስላል። አል-ካሺ ግን የቅርጽ ዓይነቶቹን ለይቶ፣ የገጹ ስፋት እንዴት እንደሚሰላ ያሳያል። ለምን? ስፋቱ ካልታወቀ ስንት ጀሶ እንደሚገዛና ለሠራተኛው ስንት እንደሚከፈል አይታወቅምና! ፓይን እስከ 16 አሥርዮሽ ያሰላው አእምሮ የጀሶ ወጪን ማስላት አላሳፈረውም።

ከእርሱ ሁለት ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ የነበረው አል-ጀዘሪ ደግሞ ቴክኖሎጂን ከኪነት ጋር ያጋባ ሰው ነው። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ዲያርበኪር ለአርቱቂድ ገዢዎች ሲያገለግል ቆይቶ በ1206 ሃምሳ ያህል መሣሪያዎችን የያዘ መጽሐፍ አጠናቀቀ። የውኃ ማንሻዎች፣ የእጅ መታጠቢያዎችና ሰዓቶች ይገኙበታል። ከሁሉ የሚታወቀው በዝሆን ቅርጽ የተሠራው የውኃ ሰዓት ነው። ሆዱ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሰጥም ጣሳ ጊዜን ይቆጥራል፤ ከላይ ያሉት ምስሎች ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ይንቀሳቀሳሉ። አል-ጀዘሪ እያንዳንዱን ክፍል በሥዕል አሳይቶ በፊደል ምልክት አድርጎበታል። ሥዕሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነው። በተግባር ያልተሞከረ ዕውቀት እውነትና ሐሰትነቱ ሳይለይ እንደሚቀርም በመጽሐፉ ይመክራል።

ከዓይን እስከ ሸራ

ትስስሩ በሙስሊሙ ዓለም ወሰን ብቻ አልቆመም። በ965 ገደማ በስራ የተወለደውና በ1040 ገደማ ካይሮ ያረፈው ኢብኑል ሀይሰም «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው ሥራው፣ የምናየው ብርሃን ከዕቃው ተነስቶ ወደ ዓይናችን ሲመጣ መሆኑን በሙከራና በጂኦሜትሪ አስረዳ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባን ብርሃንም መረመረ። መጽሐፉ በ1200 ገደማ ወደ ላቲን፣ በኋላም ወደ ጣሊያንኛ ተተረጎመ። በፍሎረንስ የነሐስ በሮቹ የታወቀው ቀራፂ ሎሬንዞ ጊቤርቲ ስለ ሥነ ጥበብ በጻፈው ሥራ ውስጥ ከዚህ መጽሐፍ በሰፊው ተጠቅሟል። በዚያ ዘመን የጣሊያን ሰዓሊዎች ርቀትን በጠፍጣፋ ሸራ ላይ በመስመር ማሳየትን ተማሩ። ሩቅ ያለው ግንብ ትንሽ፣ ቅርብ ያለው ትልቅ ሆኖ በልኩ የሚሳልበት ዘዴ የዓይንን ጂኦሜትሪ የሚጠይቅ ነው። ስለ ዓይን የተጻፈ የሳይንስ መጽሐፍ ለቀራፂ መማሪያ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንድ ወንድሞች ከፍቅር የተነሳ «ካሜራ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ቀመር ነው የመጣው» እስከ ማለት ይደርሳሉ። አይደለም፤ ላቲን ሲሆን ትርጉሙም ክፍል ማለት ነው። የኢብኑል ሀይሰም ክብር ያልሠራውን በመጨመር አያድግም። እርሱ ራሱ የቀደሙ ሊቃውንትን ቃል ሳይመረምር የማይቀበል ሰው ነበርና እኛም የምንወደውን ሁሉ ሳንመረምር ብንቀበል ደቀ መዝሙሩ ልንባል አንችልም።

የኢስፋሃኑ ግድግዳ

ኢስፋሃን ከተማ ውስጥ በ1453 የተሠራ ደርበ ኢማም የሚባል ሕንፃ አለ። ግድግዳው ላይ አሥር ጫፍ ያላቸው ኮከቦች በመስመር ተሰናስለው ይታያሉ። በ2007 ፒተር ሉና ፖል ስታይንሃርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ጌጥ አጥንተው በታዋቂ የሳይንስ መጽሔት አወጡ። እንደ ጥናታቸው ከሆነ ጌጡን በአምስት ዓይነት ቅርጾች ብቻ እየገጣጠሙ መሥራት ይቻላል። ቅርጾቹ ሲገጠሙ የሚወጣው ንድፍም በሥርዓት የተያዘ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ተራ ንጣፍ ራሱን አይደጋግምም።

ይህ ለምን አስደነቃቸው? ምክንያቱም እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝ ራሳቸውን የማይደግሙ ንጣፎችን ያወጣው በ1970ዎቹ ነበር። በ1982 ደግሞ ዳን ሼክትማን የተባለ ሳይንቲስት የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥን ሲመረምር አተሞቹ በዚህ ዓይነት ሥርዓት ተደርድረው አገኘ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎች አላመኑትም፤ በ2011 ግን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በድንጋይና በሸክላ ላይ ለውበት የተፈለገው ሥርዓት በብረት ውስጥም ተገኘ።

የኢስፋሃን ባለ እጆች የፔንሮዝን ሒሳብ ያውቁ ነበር ማለት አይቻልም። በጌጡም ውስጥ የተሳሳቱ ቁርጥራጮች እንዳሉ፣ በአተረጓጎሙም ላይ ሊቃውንት እንደሚከራከሩ ማወቅ ይገባናል። እንዲሁም ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ራሳቸውን የሚደግሙ ጌጦች ከ17 ዓይነት ሥርዓት እንደማይወጡ በ1891 ተረጋግጧል። በስፔን ባለው የአልሐምራ ቤተ መንግሥት 17ቱም ይገኛሉ የሚሉ አሉ፤ አይገኙም የሚሉም አሉ። ክርክሩ ቢቀጥልም አንድ ነገር አያጠያይቅም። በ1936 አልሐምራን ለሁለተኛ ጊዜ የጎበኘው የሆላንዱ ሰዓሊ ኤሸር፣ ጌጦቹን ለቀናት እየቀዳ ከተማረባቸው በኋላ የሒሳብ ሊቃውንትን ያስደነቁ ሥዕሎች ሠራ። ባለ እጁ ሰዓሊውን አስተማረ፤ ሰዓሊው ሊቁን አነቃ።

እነዚያ ባለ እጆች እንዴት ይሠሩ እንደነበር ለመረዳት ከረዱን ነገሮች አንዱ ኢስታንቡል በሚገኘው የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የተቀመጠ ጥቅል ወረቀት ነው። 114 ንድፎች አሉበት። ቀለም ካረፈባቸው መስመሮች ሥር ያለ ቀለም በሹል ነገር የተጫሩ መስመሮች ይታያሉ፤ እነዚህ የሒሳቡ መስመሮች ናቸው። ጌጡ ላይ ላዩን ይታያል፤ ልኬቱ ከሥር ተሸሽጓል። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ግድግዳውን ብቻ እያየን በገመት እንቀር ነበር።

እኛስ?

ይህን ሁሉ ያነሳሁት «አባቶቻችን እንዲህ ነበሩ» ብለን ለመኩራራት አይደለም። በአያቱ ሀብት የሚመካ ሰው እራቱን በልቶ አያድርበትም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ባለ እጁና ሊቁ በአንድ ላይ በተቀመጡበት ዘመን ሁለቱም አደጉ። ሲለያዩ ግን ባለ እጁ የአባቱን ሥራ ከመድገም አያልፍም፤ ሊቁም እጁ ያልነካውን ቀመር ከመሸምደድ አይወጣም።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐረር ውስጥ ከግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን ስፌቶች ያላየ ማን አለ? እናቶቻችን ከመሐል አንዲት ነጥብ ተነስተው እያዞሩ ሲሰፉ፣ ክቡ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጌጡ እኩል እኩል እንዲከፈል በእያንዳንዱ ዙር ይቆጥራሉ። ክብን በእኩል መክፈል አቡል ወፋ ለባለ እጆች ያስተማረው ትምህርት ነው። ዳሩ ግን ያ አቆጣጠር በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፏል? የሸማኔው የጥበብ አቆጣጠርስ? አንዲት እናት ስትሞት፣ አንድ ሸማኔ ዓይኑ ሲደክም አብሮ የሚቀበር ሒሳብ አለ። ዕቃው በቤተ መዘክር ቢቀመጥ እንኳ አሠራሩ ከጠፋ፣ ንድፉ እንደጠፋበት የኢስፋሃን ግድግዳ መሆኑ ነው።

ስለዚህ በአቅማችን ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች ልጠቁም። አንደኛ፣ በየመድረሳው ያሉ መምህራን ለልጆች ኮምፓስ ባይኖር ክርና እርሳስ ይስጧቸው። አንድ ክብ ሠርተው፣ በዚያው የክር ርዝመት ጠርዙን ቢለኩ ስድስት ጊዜ ሄዶ ልክ መነሻው ላይ ይገጥማል። ከስድስቱ ነጥቦች ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ጂኦሜትሪን አይፈራም። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወንድሞችና እኅቶች ለእረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ ከእናቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው አቆጣጠራቸውን ይጻፉ፤ ይሳሉ። ሦስተኛ፣ መስጂድ ስናሠራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ብቻ ሳይሆን መሐንዲሱና ባለ እጁ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተገናኝተው እንዲመክሩ ጊዜ እንስጥ። አራተኛ፣ ሥዕል የሚወድ ልጅ ያለን ወላጆች «ሒሳብህን ትተህ» አንበለው፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ሒሳብ አብረን እንፈልግለት።

ወደ ውዱእ ቦታችን ልመለስና ላብቃ። በቅርቡ የሴቶች ክፍል ግድግዳ ሊለጠፍ ነው ሲባል ሰማሁ። ሴራሚኩ ያው ባለ ኮከቡ ነው። ከዓስር ሰላት በኋላ ጠና ያሉትን ባለሙያና ያን ወጣት ፈልጌ አገናኘኋቸው። ወጣቱ ወረቀት ይዞ ነበር፤ ሰውየው ክርና ቱምቢያቸውን ይዘዋል። ግድግዳውን ከላይም ከታችም፣ ከመሐልም ለኩት። ከዚያም ሁለቱ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው፣ አንዱ እያሰላ ሌላው በጠመኔ እያሰመረ ሲነጋገሩ ትቻቸው ሄድኩ። መግሪብ ላይ ስመለስ አሁንም እዚያው ነበሩ። አንድም ሴራሚክ አልተለጠፈም፤ ግድግዳው መሐል ላይ ግን ቀጥ ያለች የጠመኔ መስመር ተሰምራለች።

ወላሁ አዕለም።